የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው? በእርሳስ ቤንዚን የተጀመረ ክርክር

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ክሩን፣ ማለትም የውይይቱን ሰንሰለት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሰሞኑን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። አዲስና ኃይለኛ ቴክኖሎጂ በመጣ ቁጥር ጉዳቱን የሚጠረጥረው ሰው ማስረጃ አምጣ ይባላል። ሻጩን ግን ጉዳት እንደሌለው አስቀድመህ አስረዳ የሚለው የለም። ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ስለዚህ መድረኩ ላይ የአንድ ቤንዚን ታሪክ ጻፍኩ።

ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1921 በአሜሪካ፣ ዴይተን ኦሃዮ ውስጥ፣ ቶማስ ሚጅሊ የሚባል የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ አንድ ግኝት ላይ ደረሰ። ቴትራኤቲል ሊድ የሚባል የእርሳስ ውህድ ቤንዚን ውስጥ በጥቂቱ ጠብ ሲደረግ ሞተር ማንኳኳቱን ይተዋል። በ1923 ሽያጭ ተጀመረ። ስሙንም ኤቲል አሉት። እርሳስ የሚለው ቃል ቀረ። እርሳስ መርዝ መሆኑ ግን ያኔም የታወቀ ነበር። ሚጅሊ ራሱ በዚያው ዓመት መጀመሪያ በእርሳስ ታሞ ሥራ አቁሞ አርፏል። በኦክቶበር 1924 ኒው ጀርሲ፣ ቤይዌይ በሚባል ቦታ ባለ ማጣሪያ 5 ሠራተኞች ሞቱ። ከ30 በላይ የሚሆኑት ታመሙ። አእምሯቸው ታውኮ፣ የሌለ ነገር እየታያቸው ነው የተሰቃዩት። ሌላ ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ሠራተኞቹ በዓይናቸው የሚዞር ነፍሳት በእጃቸው ሲያባርሩ ስለሚታዩ ሥፍራውን የቢራቢሮዎች ቤት ይሉት ነበር።

በዚያው ወር መጨረሻ ሚጅሊ ጋዜጠኞች ፊት ቀረበ። እጁን በፈሳሹ ታጠበ። ዕቃውን አፍንጫው ሥር ይዞ ለአንድ ደቂቃ ያህል ማገው። በየቀኑ ቢያደርገው እንኳ ምንም እንደማይሆን ነገራቸው።

ይህን ቤንዚን ለመኪና መሸጥ በመጨረሻ ያቆመችው አገር አልጄሪያ ናት። በጁላይ 2021። ግኝቱ መቶ ዓመት ሊሞላው አምስት ወር ሲቀረው ማለት ነው። ጥያቄዬን በዚህ ዘጋሁ። የማስረዳት ሸክሙ የማን ይሁን? የሠሪው ወይስ የተጎጂው?

1ኛው ምላሽ ትሁት ነበር። ጸሐፊው አመስግኖ ሞተር ማንኳኳት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ሳልመልስ ሌላ ሰው ቀደመኝ።

2ኛው ከአንድ አንጋፋ መካኒክ የመጣ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ጋራዥ ውስጥ ኖረዋል። ካንዴላው ያቀጣጠለው እሳት ሳይደርስበት፣ የቀረው ቤንዚን በግፊትና በሙቀት ብቻ በራሱ ሲፈነዳ ነው ያ ድምፅ የሚሰማው። ጭነት የበዛበት መኪና ዳገት ሲወጣ ቆርቆሮ በመዶሻ የሚመታ ይመስላል። ይህን በደንብ አስረድተው ሲያበቁ ስለ ራሳቸው ጨመሩ። በወጣትነታቸው የእጃቸውን ግራሶ የሚያጥቡት በቤንዚን ነበር። ከመኪና ወደ ጀሪካን ሲቀዱም ጎማውን በአፋቸው ይስቡ ነበር። አንዳንዴ ይውጡታል። ስለ ሚጅሊ እጅ መታጠብ ሲያነቡ የገዛ እጃቸው እንደታያቸው ጻፉ። በዚያን ጊዜ የታጠቡበት ቤንዚን እርሳስ ነበረበት ወይ ብለውም ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ክሩ ላይ ጋሼ ሳይላቸው የጻፈ ሰው የለም።

3ኛዋ መላሽ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። አዎ፣ ነበረበት። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 እ.ኤ.አ. ዳካር ላይ ተስማምተው እርሳሱን ጨርሰው ያስወጡት እስከ 2005 መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። አንድ ነገርም አስረዳቻቸው። ተራው የእርሳስ ብረት በቆዳ በኩል ብዙም አይገባም። ቴትራኤቲል ሊድ ግን ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ በቆዳም ያልፋል። ቤንዚን ውስጥ የነበረው መጠን ትንሽ እንደሆነ፣ ሚጅሊ የታጠበበት ንጹሕ ውህድ ግን ሌላ ነገር እንደሆነም ሳትናገር አላለፈችም። እንዲህ ለክታ የምትናገር ሰው ክር ውስጥ ስትገኝ ደስ ይለኛል።

4ኛው ላይ ወሬው ሌላ አቅጣጫ ያዘ። አንዲት እናት ደንግጣ መጣች። ልጇ ትምህርት ቤት ውስጥ እርሳስ ሲያኝክ ነው የሚውለው። 5ኛው ወዲያው አረጋጋት። የመጻፊያው እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም። ግራፋይትና ሸክላ ነው። በእኛ ቋንቋ ሁለቱም አንድ ስም ስለያዙ ነው ነገሩ የሚምታታው። 6ኛው ግን ሙሉ በሙሉ እንዳትረጋጋ አደረጋት። ልጆችን የሚያሰጋው ከእርሳሱ ይልቅ ቀለም ነው። ተቀርፎ የሚወድቅ የድሮ የግድግዳና የበር ቀለም። እኛም አገር በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብ አለ። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባው በር ግን ዛሬም በየቤቱ ቆሟል።

7ኛው ኮስተር ብሎ ገባ። ፍርዴ ፍትሐዊ እንዳልሆነ ጻፈ። በ1921 የነበረ ሰው የዛሬውን እውቀት አልያዘም። መቶ ዓመት ቆይቶ መፍረድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንደሆነ ነገረኝ። ተረቱ አሳመመኝ። ምክንያቱም ውሻው ጅቡ ሳይሄድም ጮኾ ነበር።

8ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሜይ 20 ቀን 1925 ዋሽንግተን ላይ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። የዬሉ ያንዴል ሄንደርሰንና የሃርቫርዷ አሊስ ሃሚልተን እርሳሱ ቀስ በቀስ ሕዝብ ውስጥ እንደሚገባ ፊት ለፊት አስጠነቀቁ። ከኩባንያዎቹ ወገን የመጣው ሰው ደግሞ ውህዱን የእግዚአብሔር ስጦታ አደረገው። ስብሰባው በአንድ ቀን አለቀ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው 252 ሰዎች መርምሮ ከጥቂት ወራት በኋላ ለመከልከል በቂ ምክንያት እንዳላገኘ አስታወቀ። ግን ጉዳቱ ዘግይቶ ሊታይ ስለሚችል ጥናቱ እንዲቀጥል አሳስቦ ነበር። ጥናቱን ማን ቀጠለው? ሮበርት ኪሆ። የራሱ የኤቲል ኩባንያ የሕክምና አማካሪ ነበር። ለ40 ዓመታት ገደማ ስለ እርሳስ ዋናው አዋቂ እሱ ሆነ። ላቦራቶሪውም በኢንዱስትሪው ገንዘብ የቆመ ነበር። ጉዳቱን አሳዩኝና እናቆማለን የሚል አቋም ይዞ ኖረ። ለማሳየት የሚያስፈልገው ገንዘብም መሣሪያም ያለው ግን እሱ ዘንድ ነው። ይህ ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ነው።

9ኛው ከመካኒኩ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። የተመረመሩት 252 ሰዎች እነማን እንደነበሩ ጠየቁ። ከመካከላቸው የጋራዥ ሠራተኞችና ሹፌሮች እንደነበሩ ነገርኳቸው። ከዚያ ለአንድ ቀን ያህል አልጻፉም።

10ኛው የዚህ ክር ምርጥ ምላሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ጀርመን አገር የሚማር ልጅ ነው የጻፈው። ታሪኩ የክሌር ፓተርሰን ነው። ሰውየው የፈለገው ሌላ ነገር ነበር። የመሬትን ዕድሜ። ከጠፈር በወደቀ ድንጋይ ውስጥ ያለውን እርሳስ ለክቶ ማስላት ነበረበት። ግን ቁጥሩ በተለካ ቁጥር ይዘበራረቃል። ከየት የመጣ እንደሆነ የማይታወቅ እርሳስ ይገባበታል። ከአየሩ፣ ከአቧራው፣ ከገዛ ፀጉሩ። ላቦራቶሪውን እንደገና ሠራ። ፈግፍጎ አጠበ፣ አየሩን አጣራ፣ ልብስ አስቀየረ። በመጨረሻ በ1956 የመሬት ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት መሆኑን አሳተመ። ግን ያ ሁሉ እርሳስ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ አልለቀቀውም። ባሕር ለካ። የግሪንላንድን በረዶ ቆፍሮ ለካ። የድሮው በረዶ ንጹሕ ነው። ወደ ላይ ወደ ዘመናችን ሲመጣ እርሳሱ ያሻቅባል። በ1965 ሰው በሰውነቱ የተሸከመው እርሳስ ከተፈጥሮው እጅግ የራቀ መሆኑን ጻፈ። ኪሆ የተለመደ መጠን ነው ሲል የኖረው የተመረዘ ሰው መጠን ነበር። ልጁ እዚህ ላይ የራሱን ሐሳብ ጨመረ። ሁሉም ሰው ሲመረዝ የሚያነጻጽሩት ጤነኛ ይጠፋል። ለዚህ ነው መልሱ በረዶ ውስጥ የተገኘው። ፓተርሰን ግን አልተመሰገነም። የምርምር ገንዘቡን ያጣበት ጊዜ ነበር። በ1971 ስለ አየር ላይ እርሳስ ከተቋቋመው ብሔራዊ የባለሙያዎች ቡድንም ውጭ ተደረገ።

11ኛው ሰው ፓተርሰንን ሐኪም ብሎ አድንቆ ጻፈ። 12ኛው አረመው። የምድር ኬሚስትሪ ተመራማሪ ነበር። በዚያው እኔንም አረመኝ። ርዕሴ ላይ እርሳስ ቤንዚን ከዓለም ጠፋ የሚል ነበረበት። የጠፋው ከመኪና ነው። የፒስተን ሞተር ያላቸው ብዙ ትናንሽ አውሮፕላኖች ዛሬም እርሳስ ያለበት ቤንዚን ይጠቀማሉ። ልክ ነበር። ርዕሱን አስተካከልኩ።

13ኛው ሌላ አማራጭ ነበረ ወይ የሚለውን አነሳ። ነበረ። አልኮል። አልኮል የተቀላቀለበት ቤንዚንም ማንኳኳትን ይከላከላል። ሚጅሊም ያውቅ ነበር። ግን አልኮልን ማንም ስለሚያወጣው የፈጠራ መብት አይያዝበትም። መላሹ እዚህ ላይ ወደ አገራችን መጣ። በ2008 እ.ኤ.አ. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የወጣ ኢታኖል 5 በመቶ ተቀላቅሎ አዲስ አበባ ውስጥ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ቆይቶ 10 በመቶ ደረሰ። በ1921 በእጅ የነበረ መፍትሔ እኛ ጋ የመጣው ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ይገርማል። 14ኛው፣ 15ኛውና 16ኛው ስለ ቤንዚን ዋጋና ስለ ማደያ ሰልፍ ሆኑ። ምሬቱ እውነት ነው። ግን እዚህ አልዘረዝረውም።

17ኛው ክሩን ወደ ዛሬ መለሰው። ሶፍትዌር የሚሠራ ወጣት ነው። ንግግሩ ስለታም ነበር። ቁጥጥር የሀብታም አገር ቅንጦት እንደሆነ ጻፈ። እኛ ገና ምንም ሳንሠራ የምንከለክለውን እንፈልጋለን። አንድ ፈቃድ ለማውጣት ወራት የሚመላለስ ወጣት ላይ ሌላ ቢሮ ሌላ ማኅተም ስንጨምርበት ማን እንደሚጠቀም ጠየቀ። አልናቅኩትም። በየቢሮው የተንገላታ ሰው የሚያውቀው ነው። ጋሬጣ የሚሆን ቁጥጥር አለ። ዝም ብሎ ጉቦ መቀበያ የሚሆንም አለ።

18ኛዋ የመድኃኒት ባለሙያ ናት። ታሊዶማይድን አስታወሰችው። በ1957 ጀርመን ውስጥ መሸጥ የጀመረ የማስተኛና የማረጋጊያ ክኒን ነው። ነፍሰ ጡሮች ወሰዱት። በ1961 መጨረሻ ከገበያ ሲነሳ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ተጎድተው ነበር። ብዙዎቹ እጅና እግራቸው ሳይሟላ የተወለዱ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ግን ፍራንሲስ ኬልሲ የምትባል የመንግሥት መርማሪ ከ1960 ጀምሮ ማስረጃው አልበቃኝም እያለች ፈቃዱን ያዘችው። ኩባንያው ደጋግሞ ወተወታት። አልፈረመችም። በ1962 ሕጉ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ እንደሚሠራም ጭምር ሠሪው ራሱ አስቀድሞ ያስረዳል። ባለሙያዋ ለጥያቄዬ የሰጠችው መልስ ይሄው ነው። ሸክሙ አንዴ ወደ ሠሪው ዞሯል፣ መድኃኒትም መሠራቱ አልቀረም።

19ኛው ላይ ወጣቱ ተመለሰ። ክኒንና ኮድ አንድ እንዳልሆኑ ተከራከረ። የተዋጠ ክኒን አይመለስም። ኮድ ግን ስህተት ሲገኝበት በማግሥቱ አፕዴት ይደረጋል።

20ኛው አውሮፕላን ጥገና የሚያውቅ ሰው ነበር። ድምፁን ከፍ አላደረገም። የጻፈው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ስለሆነው ነው። እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነሳ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ምክንያቱ ክኒን አልነበረም። ኮድ ነበር። ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር ከአንድ ዳሳሽ ብቻ በመጣ የተሳሳተ መረጃ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ይገፋው ነበር። ከአራት ወር ገደማ ቀደም ብሎ በዚሁ ምክንያት ኢንዶኔዥያ ውስጥ የላየን ኤር አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰው አልቋል። ከዚያ በፊት ለአብራሪዎች በተሰጠው መመሪያ ውስጥ ስለ ኤምካስ የተጻፈ አልነበረም። የአሜሪካው ተቆጣጣሪም የማረጋገጡን ሥራ ብዙውን ለራሱ ለቦይንግ ሠራተኞች አስተላልፎት ነበር። ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ የተቆጣጣሪው የራሱ ግምገማ ካልተስተካከለ በአውሮፕላኖቹ ዕድሜ ውስጥ ሌሎች 15 ያህል አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ገምቷል። በረራው ግን አልቆመም። መጨረሻ ላይ ሰውየው ለወጣቱ አንድ ነገር ብቻ አስቀመጠለት። ያ እሑድ ጠዋት ሲነጋ አፕዴቱ እየተሠራ ነበር።

ለብዙ ሰዓት ማንም አልጻፈም። እኔም ስልኬን አስቀመጥኩ።

21ኛው ይህን ዝምታ ያበላሸው ነው። አንድ ሰው ወጣቱን የፈረንጅ ኩባንያ ተላላኪ ብሎ ሰደበው። ሌላም የማይደገም ነገር ጨመረበት። የመድረኩ ተቆጣጣሪ ግማሹን አጠፋው። ልክ አደረገ። ወጣቱ በቅንነት ነበር የተከራከረው።

22ኛው ከራሱ ከወጣቱ ነው። ለስድቡ አልመለሰም። ሰው ሊገድል የሚችል ነገር አስቀድሞ መመርመር እንዳለበት ተቀበለ። ግን መስመሩ የት እንደሚሰመር ጠየቀ። ምግብ የሚያዘዝበት አፕና በሽታ የሚመረምር አስተውሎት በአንድ ወንፊት መነፋት የለባቸውም። 23ኛው የአውሮፓ ኅብረት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያወጣውና ከኦገስት 2024 ጀምሮ የጸናው ሕግ በዚሁ መንገድ እንደሚሄድ አስረዳው። አደጋው ሲከብድ ግዴታው ይከብዳል። እኛም አገር ምንም የለም ለሚሉ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን አስታወሰ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው በሰው መረጃ ስለሆነ እዚያ መጀመር እንደሚቻል ሐሳብ ሰጠ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረትም አልረሳውም። ወጣቱ አዋጁን አንብቦ እንደሚመለስ ቃል ገባ። እጠብቀዋለሁ።

24ኛው የዘገየ ነው። ስለ ሚጅሊ ነበር። ከእርሳሱ በኋላ ለማቀዝቀዣ የሚሆነውን ፍሪዮን የሠራው ቡድን መሪም እሱ ነው። የኦዞንን ሽፋን ያሳሳው ጋዝ ማለት ነው። ለዚያ ዓለም በ1987 ሞንትሪያል ላይ ተስማማ። መላሹ ሚጅሊን ክፉ ሰው ማለት አልፈለገም። እኔም አልፈልግም። አጠገቡ ቆሞ ቆይ የሚለው ሰው አልነበረም። የነበሩትም ሥልጣን አልነበራቸውም።

25ኛው ጋሼ ናቸው። ተመለሱ። ስለ አስተውሎቱም ስለ አውሮፕላኑም የጻፉት የለም። ጋራዡ ውስጥ ሁለት ተለማማጅ ልጆች አሏቸው። ዛሬ ቤንዚኑ ውስጥ እርሳስ እንደሌለ ያውቃሉ። ልጆቹ ግን የሞተ ባትሪ ይፈታሉ። ውስጡ ያለው እርሳስ ነው። እጃቸውን ሳይታጠቡ ምሳ ይበላሉ። በደም ውስጥ ያለ እርሳስ የሚለካበት ቦታ የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲነግራቸው ጠየቁ። ለልጆቹ ራሳቸው ይከፍላሉ። ለራሳቸውም ማወቅ ይፈልጋሉ።

26ኛዋ የላቦራቶሪዋ ሴት ናት። ልጆቹ ባትሪውን መፍታት ዛሬውኑ እንዲያቆሙ ለመነቻቸው። ከሥራ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። የሥራ ልብሳቸውን ወደ ቤት አይውሰዱ። ምርመራው የት እንደሚገኝ አጣርታ እንደምትጽፍላቸው ነገረቻቸው። ስለ ራሳቸው ግን ቀስ ብላ ነበር ያስረዳቻቸው። ደም የሚያሳየው በአብዛኛው የቅርብ ጊዜውን ነው። የድሮው እርሳስ አጥንት ውስጥ ገብቶ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል።

ጋሼ አመስግነው መቼ እንደምትጽፍላቸው ጠየቁ። ይህን ስጽፍ ክሩ እዚያ ላይ ነው ያለው።